ነጥቧ የጠፋችበት ጥድ

አባቴ አርቪድ ቶለፍሰን በሕይወቱ የጻፈው ሕግ አንድ ብቻ ነው። እሱንም የጻፈው በአናጢ እርሳስ፣ በአደን ጎጆአችን ከምድጃው በላይ በተቸነከረች ጣውላ ላይ ነው፤ እኔ ገና የወተት ጥርሴን ሳልነቅል። «ከሃምሳ እርምጃ አምስት ጥይት፣ አምስቱም ሳህኑ ላይ። ያልቻለ ጠመንጃ አይዝም፤ ሳህን ያጥባል» ይላል። የሚተኮስበት ሳህን የወረቀት ነው፤ ያቺ ለልደት ኬክ የምትገዛው ነጯ። የአጋዘን አደን ከመከፈቱ በፊት ባለው እሁድ እንጨት ላይ በሚስማር ትመታና ቤተሰቡ ተራ በተራ ይተኩስባታል። የእናቴ ወንድም አንድ ዓመት አራቱን መትቶ አንዷን ስለሳተ ብቻ ዘጠኙን የአደን ቀን ድስት ሲፈገፍግ ከርሟል። አባቴ በዚህ ነገር ሰው አይምርም።

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት ለልምምድ ወጥተን አባቴ ራሱ ከአምስቱ ሁለት ብቻ መታ።

ወንድሜ ከርቲስ አጠገቡ ነበር። ከርቲስ የግንድ መኪና ነጂ ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው በወር አንዴ ነው፣ ሲወጣ ግን አይመለስም። ሳህኗን ከእንጨቱ ነቅሎ አየት አደረገና፣ እሁድ ላይም እንዲህ ከሆነ ጠመንጃው እኔ ቤት ቁምሳጥን ይገባል፣ ቁልፉም ኪሴ ይሆናል አለ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ቀለሆቹን ለቀመ። ሕጉ የራሱ ነው።

በከርቲስ ቆሽቴ አረረ፤ ግን እውነቱን ነው። ጫካው ውስጥ የምንሆነው እኛው ነን፣ የሚሳተው ጥይት የሚመጣው ወደ እኛው ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አባቴን አውቀዋለሁ። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው። እናቴ ሎረይን ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከወንበሩ የሚያስነሳው ነገር ቢኖር እነዚያ የኅዳር ዘጠኝ ቀናት ናቸው። ጠመንጃው ከተቆለፈበት ከዚያ ወንበር የሚነሳው ሬሳው ነው።

እናቴ ጠመንጃ ይዛ አታውቅም። ግን በየዓመቱ ፔርሙሷን ታቅፋ ከአባቴ ጎን ግንድ ላይ ትቀመጥ ነበር። በወሬሽ አጋዘኑን ሁሉ ታስበረግጊያለሽ እያልን እንስቅባታለን። እሷም ትስቃለች፤ በማግስቱ ግን ተመልሳ እዚያው ግንድ ላይ ናት።

እኔ ሮንዳ እባላለሁ። በከተማችን ባለው የእርሻና የአደን ዕቃ መደብር ከጠመንጃው መደርደሪያ ኋላ ከቆምኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ነገሩን ለማዳን ሰው ካለ እኔ ነኝ ማለት ነው።

አባቴ አርብ ከሰዓት በኋላ መጣ። እሁድ ፈተናው ነው፤ መደብሩ ደግሞ ሰው በሰው ነው፣ ከጀርባው አሥር ሰው ተሰልፏል። «ዓይኔ ደህና ነው» አለኝ ገና ሳልጠይቀው። «አፈሙዙ ላይ ያለችው ብረት ናት የደበዘዘችው።» ብረት ያረጀ ይመስል! በዕድሜው ማንም ሰው ያቺን ትንሽ የብረት ጉብታ፣ የኋላዋን ስንጥቅና አጋዘኑን አንድ ላይ አጥርቶ ማየት አይችልም፤ ይህ የታወቀ ነው። አጉሊ መነጽር እንዳላስርለት ጠመንጃው የአያቴ ነው፤ ቀለሁን ወደ ላይ ስለሚተፋ መነጽሩን ይገጨዋል። የቀረችው መፍትሔ የቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ ናት። ትንሽ መስተዋት ናት፣ መሐሏ ላይ ቀይ ብርሃን ነጥብ ትታያለች፤ ሁለት ዓይንህን ከፍተህ ነጥቧን የምትፈልገው ነገር ላይ ማስቀመጥ ነው። የድሮዋ የኋላ ብረት ከነበረችበት ቦታ ላይ ዝቅ ብላ ትታሰራለች።

«ስንት ናት?» አለ።

የጥሩዋን ዋጋ ስነግረው የሞተ ፈረስ ልሸጥለት የፈለግሁ ይመስል አየኝ። በዚያ ዋጋ ድሮ ትራክተር ገዝቻለሁ አለ። ውሸቱን ነው፣ ግን አልተከራከርኩትም። ከመቶ ሃምሳ ዶላር እንደማያልፍልኝ ገባኝና ሦስት አውጥቼ ደረደርኩለት።

የመጀመሪያዋ ርካሽ ናት፣ የሠራትም ማን እንደሆነ አይታወቅም። በመስኮቱ በኩል ከግቢው ማዶ ወዳለው ነጭ የጋዝ ታንከር እንዲያይባት ሰጠሁት። «ነጥብ አልሽኝ? የተጨፈለቀ እንጆሪ ነው የማየው» አለ። እንዲህ ሲሆን እኛ ባለሙያዎች አንድ ዘዴ አለን። ጥፋቱ የዓይን ይሁን የዕቃው ለመለየት በስልክ ካሜራ እናያለን፤ ካሜራው ውስጥም ከተጨፈለቀች ጥፋቱ የዕቃው ነው። ካሜራዬም ውስጥ ያቺው እንጆሪ ናት። ወደ ሳጥኗ መለስኳት።

ሁለተኛዋ በካሜራ ክብ፣ ልቅም ያለች ናት። ለአባቴ ግን ዙሪያዋ እሾህ አወጣችበት። ያ የዓይን ነው፤ ብርሃኑን ሁለት ደረጃ ስቀንስለት ረጋችለት። ይህቺ አንድ ጥቅም ነበራት፣ ቁልፏን ስትጫን ከቀይ ወደ አረንጓዴ ትለወጣለች። ተጫንኩት።

«አሁንስ?» አልኩት።

«አሁን ምን?»

«ቀለሙን ቀየርኩት እኮ። አረንጓዴ ሆነች።»

«ያው ናት። አንቺ ደግሞ በሌለ ቀለም ሃያ ዶላር ልታስጨምሪኝ ነው።»

ሳቅሁ። ከኋላው የተሰለፉትም ሳቁ። ለገንዘቡ የሚቀልድ መስሎኝ ነው። ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንቱን ደንበኛ እያየሁ ኖሬ፣ ያን ቀን ፊቴ የቆመውን አላየሁም።

ሦስተኛዋን ገዛ። ቀይ ብቻ ናት፣ መስተዋቷ የጠራ፣ ብሎኖቿ የጠበቁ፤ ጠመንጃውን ስታነሳ ራሷ ትበራለች፣ ስታስቀምጠው ትጠፋለች። ባትሪዋ ለዓመታት ይቆያል። በሠራተኛ ቅናሽ መቶ ሠላሳ ሆነችለት። እዚያው አሰርኩለት፤ የብሎኗን ትንሽ ቁልፍ ደግሞ ካፖርቴ ኪስ ከተትኩ፤ ቢላላ እኔው እንዳጠብቅለት።

እሁድ ጥቂት በረዶ ጥሎ ነበር። ከርቲስ ነጯን ሳህን እንጨቱ ላይ ቸነከረና ሃምሳ እርምጃ ቆጥሮ ተመለሰ። እጆቼን ብብቴ ውስጥ ቀብሬ ቆምኩ። አባቴ ጠመንጃውን አነሳ። አንድ። ማንሻውን ሳበ፣ ቀለሁ ወጣ። ሁለት። ሦስት። ከአራተኛው በኋላ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ ዓይኑን ጠረገና ደግሞ አነሳ። እባክህ አልኩ፣ ማንን እንደሆነ እንጃ። አምስት።

ከርቲስ ሄዶ ሳህኗን አመጣት። አምስት ቀዳዳ። አንዷ ጠርዝ ላይ ናት፣ ግን ሳህኑ ላይ ናት። አባቴ ሳህኗን ተቀብሎ አጣጠፋትና ደረት ኪሱ ከተታት፤ የሠርግ ጥሪ የተቀበለ ነው የሚመስለው። ከርቲስን አየሁት፣ አላየኝም። «ሕግ ሕግ ነው» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። የዚያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

አደኑ ቅዳሜ ተከፈተ። ቅዳሜ አንድም አጋዘን አላየንም። እሁድ ጠዋት ከርቲስ ረግረጉን እንንዳ አለ። ይህ የቆየ ልማዳችን ነው፤ አንዱ ረግረጉን አቋርጦ እየተራመደ አጋዘኑን ያስነሳል፣ ሌሎቹ ማዶ ዳር ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ነጂዋ እኔ ሆንኩ። ከርቲስ ከስተ ሰሜን፣ አባቴ ከስተ ደቡብ፣ ያው የእናቴ ግንድ ላይ። እኔ በወንዙ ዳር ቀጥ ብዬ እመጣለሁ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልልም፤ ወደ ወንዙ አቅጣጫ ደግሞ ማንም አይተኩስም። ይህ ተነግሮ፣ ተደግሞ፣ ሁለቱም ራሳቸውን ነቅንቀው ነው የተለያየነው። ሁላችንም እንደ አገሩ የአደን ሕግ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰናል፤ ያ ቀለም ጨለማ ውስጥ እንኳ የሚጮህ ነው።

ወንዙ ዳር ያለው በረዶ ግን ገና አልጠነከረም። በረዶው ሲረገጥ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ውኃ ይንቦጫረቃል። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ስልክ እዚያ አይሠራም። ተመልሼ ልውጣ ወይስ በቀኝ በኩል ልዙር ብዬ አሰብኩና፣ ሰደርያዬን አይቼ ዞርኩ። ብርቱካን የለበሰን ሰው ማን ሳያየው ይቀራል?

የደረቀ ፈርን፣ ያ ላባ የመሰለ ቅጠል ያለው ተክል፣ ወገቤ ድረስ ነበር፤ ቡናማ፣ ከላይ በረዶ የነካው። ከፊት ለፊቴ ዘመም ያለ ጥድ አለ። እሱ ጋ ስደርስ ግራ እግሬ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ሰመጠ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን መጎተት ጀመርኩ። ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ። ጫማው አልመጣ አለ። ተሳደብኩ፣ በዝግታ። ጫካው ጸጥ ብሏል፤ ወፍ እንኳ የለም። ቀና ብዬ ዙሪያዬን አየሁ፤ ምንም የለም። ለማንኛውም ጎንበስ አልኩና ጫማዬን ነቅዬ ወጣሁ።

ዳር ላይ ስደርስ አባቴ ከግንዱ ተነስቶ በመዳፉ ማነጣጠሪያዋን ጥፊ በጥፊ እያደረጋት ነበር።

«ቆሻሻ ነው የሸጥሽልኝ» አለኝ ገና ሳያየኝ በደንብ። ፊቱ ቀልቷል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ትልቅ አጋዘን፣ ሰባ እርምጃ ላይ፣ ቆሞ እየጋጠ! ስደግን ነጥቧ ጠፋች። ዝቅ ሳደርጋት በራች። ደግሜ ስደግን ጠፋች። ሦስት ጊዜ! ጣቴ ቃታው ላይ ነበር፣ ሮንዳ። የድሮዋ ብረት ብትሆን ኖሮ ይሄኔ ጥዬው ነበር።»

«የት ነበር?»

«እዚያ።» በአገጩ ጠቆመ። «ዘመም ያለው ጥድ ጋ። ቡናማ ጀርባ ነው ያየሁት፣ ጎንበስ ቀና ሲል። አሁን፣ ከሁለት ደቂቃ በፊት። አንቺ ሳታስበረግጊው አልቀረሽም።»

ክው አልኩ። የእናቴ ግንድ ላይ ቁጭ አልኩ። እግሬ ላይ ያለውን ጭቃ እያየሁ ነው። የተሰነጠቀው በረዶ፣ ዞሬ የመጣሁበት፣ ጫማዬ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ከዚያ ደግሞ አርብ ዕለት፣ ከመስኮቱ ጋ፤ ያው ናት ያለኝ። ከዚያም ወደ ኋላ፣ ሕይወቴን ሙሉ። ጥብስ ላይ ሥጋው በሰለ ወይ ብሎ እናቴን ሲጠይቅ። እናቴ ካልሲውን ጥንድ ጥንዱን አልጋው ላይ ስታስቀምጥለት። የጎረቤታችንን ቀይ ጎተራ ያ ቡናማው ሲል፣ እኛም ስንስቅ። ቀይና ብርቱካናማው ለእሱ ከቡናማ አይለዩም ማለት ነው።

ጠመንጃውን ስጠኝ አልኩት። ሰጠኝ። ወደ መሬት ዘቅዝቄ ጥይቶቹን አወጣሁና በማነጣጠሪያዋ አየሁ። ነጥቧ በረዶው ላይ ፍም መስላ ትበራለች። ምንም አልሆነችም።

ከርቲስ ከማዶ ሲመጣ ይታየኛል። ሁለት ደቂቃ ያህል አለኝ። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ፤ ባትሪው ነው። ባትሪው ነው ብል አባቴ ያምነኛል፣ ከርቲስም ያምነኛል፣ ሁላችንም ጎጆ ገብተን ቋሊማ በአይብ እንበላለን። አባቴ ነገም ከወንበሩ ይነሳል። ነገም ጫካው ውስጥ አንድ ብርቱካናማ ነገር ይንቀሳቀሳል። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሷል፤ ልዋሽ እንደነበር አልደብቅም።

ኪሴ ውስጥ ያቺ ትንሽ የብሎን ቁልፍ እጄን ነካችው። ሁለቱን ብሎኖች ፈታሁና ማነጣጠሪያዋን ከጠመንጃው አነሳኋት። ከጠመንጃ ስትለይ ምንም አይደለችም፤ መስተዋት ናት። መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ።

«ጥዱ ጋ እሄዳለሁ። በእሷ እያየህ ጠብቀኝ።»

ከርቲስ ደረሰ። ባዶውን ጠመንጃ ለእሱ ሰጠሁትና ምንም ሳልነግረው ሄድኩ። ሰባ እርምጃ ረጅም ነው። ጀርባዬ ላይ ዓይናቸው ይሰማኛል፤ ጠመንጃ እንደሌለ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ትከሻዎቼ መሐል አንድ ቦታ ያሳክከኛል። ጥዱ ጋ ደረስኩ። ፈርኑ ውስጥ ገብቼ ጎንበስ አልኩ። ቀና አልኩ። ጎንበስ አልኩ።

በዚያ ጸጥታ በረዶ ላይ ድምፅ በደንብ ይሰማል። አባቴ ምን እንደሆነ ሳይገባው አልቀረም። በዝግታ፣ ለራሱ ይመስል፣ መናገር ጀመረ።

«በረዶው ላይ አለች» አለ። «ግንዱ ላይ አለች።» ማነጣጠሪያዋን ወደ እኔ አዞረ። «ጠፋች።»

«ማን?» አለ ከርቲስ። «ነጥቧ?»

ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ በዚያ በሚጮኸው ብርቱካን።

«ሁለቱም» አለ አባቴ። «ከርቲስ፣ እህትህ የት ናት?»

ስመለስ ከርቲስ ጀርባውን ሰጥቶን ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዙሯል። አባቴ ግንዱ ላይ ተቀምጧል። ከደረት ኪሱ የታጠፈችውን የወረቀት ሳህን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘርግቷታል። አምስት ቀዳዳ፣ ነጭ ላይ። ሕጉን ሲጽፍ ነጭ ላይ መምታት ይበቃል ብሎ ነበር፤ ከእኛም በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሌላ ያሰበ የለም። እጄን ያዘኝ። ጓንቴ ጭቃ ነበር፣ አለቀቀውም።

«ትነካኝ ነበር» አለ። «እናትሽ። ከመተኮሴ በፊት ክርኔን ትነካኝ ነበር። ካልነካችኝ አልተኩስም። ልማድ መስሎኝ።»

ጎጆ ገብተን ምሳ በላን። ከርቲስ ጠመንጃውን ሸፍኖ መኪናው ውስጥ አስገባ፤ ቁልፍ የሚል ቃል አላነሳም፣ አባቴም አልጠየቀም። ከዚያ አባቴ ተነስቶ ሰደርያውን አወለቀና ጣውላዋ ሥር ባለው ሚስማር ላይ ሰቀለው። እጅጌውን ጠቅልሎ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄደ። እኔ አጥባለሁ ስለው ሕጉን በአገጩ አሳየኝና ፎጣ አቀበለኝ። እሱ ያጥባል፣ እኔ አደርቃለሁ። ሦስተኛው ሳህን ላይ ሲደርስ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳና ለረጅም ጊዜ አየው። እናቴ ለሠርጋቸው ያመጣቻቸው ሳህኖች ናቸው።

«ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አለኝ።

«አረንጓዴ ነው፣ አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ፣ ሳህኑን አለቅልቆ ሰጠኝና ሌላውን አነሳ።